በስክሪን ቀረጻ የተወሰደ የድረ ገጽ ቪዲዮ ድምፁ ሲበላሽ፦ ከምርመራ እስከ ጥገና

የሁለት ሰዓት የኦንላይን ሥልጠና ተቀርጿል። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ድምፁ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ተናጋሪው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ይከፍትና «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚለውን ይጫናል። ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከበፊቱ የባሰ ነው። ይህ መሣሪያ የተሠራው እንደ ማራገቢያ ሽውታ ያለ ሳያቋርጥ የሚሰማ ድምፅን ለመቀነስ ነው። በስክሪን ቀረጻ ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር እንዲህ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ቪዲዮው አሁንም ድረ ገጹ ላይ አለ? ካለ ጥገናውን ይርሱትና ቅንብሩን አስተካክለው እንደገና ይቅረጹት። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ዳግም ቀረጻ የአንድ ቀን ጥገና ከሚሰጠው ውጤት ይሻላል። ስብሰባ ወይም ሥልጠና ከነበረም አዘጋጁን መጠየቅ አያሳፍርም። በዙም የተካሄደ ከሆነ አዘጋጁ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ቀድቶት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ቅጂ በእርስዎ ኢንተርኔት ድክመት የተቆራረጠውን አይጨምርም። ጥገና የሚገባው ዳግም ለማይገኝ ነገር ነው፤ በቀጥታ ተላልፎ ለጠፋ ትምህርት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለተደረገ ቃለ መጠይቅ፣ ከባሕር ማዶ ዘመዶች ጋር ለተደረገ የቪዲዮ ጥሪ። የመቅረጽ መብቱ ሊኖርዎት እንደሚገባ፣ በጥሪ ላይ ያሉ ሰዎችም መቀረጻቸውን ማወቅ እንዳለባቸው ሳይረሳ ማለት ነው።

ብልሽቱን በጆሮ መለየት

ገመድ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ ራሱ ስለሚንኮሻኮሽ ለምርመራ አይታመንም። ድምፁ የተበላሸበትን ቦታ ደቂቃና ሰከንዱን ይያዙ፤ ዋናው ቪዲዮ ካለ ያንኑ ቦታ በብራውዘር ያዳምጡ። እዚያም የተበላሸ ከሆነ ጥፋቱ የቀረጻው አይደለም። ቀጥሎ የቀረጹትን ፋይል ወደ ስልክዎ ልከው ያጫውቱት። ስልኩ ላይ ደህና ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የኮምፒውተሩ ማጫወቻ ነው። እነዚህ ሁለት ፈተናዎች ብዙ ከንቱ ድካም ያስቀራሉ።

ችግሩ ፋይሉ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ እንዲህ ይለያል።

ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ የሚጎረብጥና የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ዝግ ሲል ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ድምፁ ከመጠን በላይ ገብቶ ጣሪያ መቷል።

ከተናጋሪው ድምፅ ከፍታ ጋር ሳይገናኝ በየመሐሉ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ወይም ለቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ድምፁን በሰዓቱ ማድረስ አቅቶት ነበር።

ተናጋሪው ከወትሮው ቀጭንና ችኩል፣ ወይም ወፍራምና ቀርፋፋ ሆኖ ከተሰማ የሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር) አለመጣጣም ነው። ይህ ሁለት ቁጥሮች ካልገጠሙ የሚመጣ ብልሽት ስለሆነ ከሁሉም ለመጠገን የቀለለ ነው።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮ የመስመር ስልክ የታፈነ ከሆነ የብሉቱዝ ማዳመጫዎ ማይክሮፎን በርቶ ነበር ማለት ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያወሩ የሚመስል ማሚቶ ካለ ደግሞ አንዱ ድምፅ በሁለት መንገድ ገብቷል። ቃላት የሚዋጡበት፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ሁለት ምንጭ አለው፤ ወይ ኢንተርኔቱ ደክሞ ጥቂት የድምፅ ጥቅሎች መንገድ ላይ ጠፍተዋል፣ ወይ ጫጫታ ማፈኛ ሶፍትዌር ከልክ በላይ ሠርቷል።

ሙዚቃ የሚቀርጹ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የበገና ድምፅ በተፈጥሮው ይነዝራል፤ ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሮቹና በመቀመጫቸው መካከል ከሚገቡት ቆዳዎች፣ ከእንዚራዎቹ ነው። በገናን የማያውቅ ሰው ይህን ብልሽት ብሎ ሊያጠፋው ይሞክራል፤ የቪዲዮ ጥሪ ሶፍትዌሮችም ይህን ስሕተት ለመሥራት የተዘጋጁ ናቸው። የበገና ወይም የመሰንቆ ትምህርት በዙም ከተሰጠ መምህሩ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን «ኦሪጅናል ሳውንድ» ያብራ። እሱ ካላበራ እርስዎ በዚህ በኩል የሚያድኑት ነገር የለም፤ ድምፁ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ተቆርጧል።

በዓይን ማረጋገጥ

ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይበቃል። የቪዲዮ ፋይል በቀጥታ እንዲከፍት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ የት እንደሚገኝ ያመለክታል። ከተከፈተ በኋላ «ቪው» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ጣሪያ የመቱ ቦታዎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ። ቀይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩ ድምፁ ዜሮ ዴሲቤል ላይ ደርሶ ጣሪያ መቷል። በዲጂታል ድምፅ ከዜሮ በላይ የሚባል ነገር የለም።

ቀይ አለመታየቱ ግን ነጻ አያወጣም። ድምፁ አስቀድሞ ጣሪያ ከመታ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሞገዱን አጉልተው ጫፉን ይመልከቱ፤ ጤነኛ ሞገድ ጫፉ ይዞራል፣ የተቆረጠው ግን ሜዳ ይሆናል። እህል በቁና ሲሰፈር ከአፉ በላይ የተቆለለው በእጅ ተጠርጎ እንደሚደለደል ሁሉ የዚህም አናት ተጠርጎ ወድቋል፤ የወደቀው ስንት እንደነበር ሰፋሪው አልቆጠረም። ጥገና የሚባለውም ያንን የወደቀ ክፍል ከግራና ከቀኝ ያለውን አይቶ መገመት ነው።

የጠቅታ ብልሽት በሞገዱ ላይ ድንገተኛ ስለታም ጫፍ ወይም ቀጥ ያለ ባዶ መስመር ሆኖ ይታያል። የብሉቱዝ ብልሽትን ለማረጋገጥ እይታውን የድምፁን ድግግሞሽ በቀለም ወደሚያሳየው ስፔክትሮግራም ይለውጡ። በጥሪ ጊዜ የብሉቱዝ ድምፅ በ8000 ወይም በ16000 ኸርዝ ሳምፕል ሬት ይጓዛል፤ የሚሸከመው የድምፅ ስፋት የዚህ ግማሽ ብቻ ስለሆነ ከ4000 ወይም ከ8000 ኸርዝ በላይ ያለው ክፍል በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ይታያል። ባዶ የሆነውን የሚመልስ ማጣሪያ የለም።

ምንጩን ማስተካከል

እዚህ ላይ ዊንዶውስንና ኦቢኤስ ስቱዲዮን ይዤ እሄዳለሁ፤ ኦቢኤስ ነጻ ነው፣ የሚታይ የድምፅ መለኪያም አለው። ሌላ መቅረጫ የሚጠቀም ሰውም የነገሩን አካሄድ ከዚህ ይወስዳል።

በሳምፕል ሬት ይጀምሩ። የዊንዶውስን የድምፅ ቅንብር ከፍተው ወደ ተጨማሪ የድምፅ ቅንብሮች ይግቡ። «ፕሌይባክ» በሚለው ገጽ የሚጠቀሙበትን ማዳመጫ መርጠው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ይክፈቱና 48000 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። «ሪከርዲንግ» በሚለው ገጽ ለማይክሮፎኑም ይህንኑ ይድገሙ። በኦቢኤስም በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦዲዮ» የሚለውን ከፍተው 48 ኪሎ ኸርዝ መሆኑን ያረጋግጡ። 44100 መምረጥም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ሁሉም አንድ መሆናቸው ነው። የቪዲዮ ዓለም የለመደው 48000 ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። እዚያው «አድቫንስድ» ገጽ ላይ ፕሮግራሞች መሣሪያውን ለብቻቸው እንዲቆጣጠሩ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ፤ «ኢንሃንስመንትስ» የሚል ገጽ ካለም ማሻሻያዎቹን በሙሉ ያጥፉ። ባስ መጨመሪያና የሲኒማ ድምፅ የሚሉት ጌጦች ለማዳመጥ ያምሩ ይሆናል፤ ለቀረጻ ግን ድምፁን ወደ ጣሪያው ይገፉታል።

ቀጥሎ የድምፁ መንገድ። ኦቢኤስ ሲጫን «ዴስክቶፕ ኦዲዮ» የሚባል ምንጭ አብሮ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰማውን ሁሉ ይቀዳል። ከ2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማለትም ከኦቢኤስ 28 ጀምሮ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ የአንድን ፕሮግራም ድምፅ ብቻ ነጥሎ መቅዳት ተችሏል። ይህ ሁለተኛው ምርጫ በጣም ጠቃሚ ነው፤ የብራውዘሩን ድምፅ ብቻ ስለሚወስድ የቴሌግራም ማሳወቂያ ትምህርቱ መሐል አይገባም። አደጋው ግን ሁለቱን አብሮ ማብራት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይገባል። በትክክል ከተደራረቡ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያድግና ጣሪያ ይመታል፤ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከተዛነፉ ደግሞ ቱቦ ውስጥ የገባ የሚመስል ባዶ ድምፅ ይፈጥራሉ። ብራውዘሩን ነጥለው ከቀዱ ዴስክቶፕ ኦዲዮን ያጥፉ።

ማይክሮፎንም እንዲሁ ነው። የድረ ገጽ ቪዲዮ ብቻ የሚቀርጹ ከሆነ ማይክሮፎኑን ጨርሶ ይዝጉት። በጥሪ ላይ የራስዎን ድምፅም ከፈለጉ በማዳመጫ ያዳምጡ፤ አለበለዚያ ከድምፅ ማጉያ የወጣው ወደ ማይክሮፎን ተመልሶ ገብቶ ማሚቶ ይሆናል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ካለዎት ለመስማት ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለማውራት የላፕቶፑን ወይም የዩኤስቢ ማይክሮፎን ይምረጡ። የብሉቱዙ ማይክሮፎን እንደተከፈተ ማዳመጫው ከሙዚቃ ሥርዓት ወደ ጥሪ ሥርዓት ይቀየራል፤ ዊንዶውስም አዲሱን መሣሪያ ሳይጠይቅ ሊይዝ ይችላል። ቀረጻው መሐል ላይ ድንገት የታፈነባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው።

ጥሪ ሲጀመር ሌላው ድምፅ በድንገት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ልማድ ነው። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ «ኮሚዩኒኬሽንስ» የሚለው ገጽ ጥሪ ሲኖር የሌሎችን ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ይመጣል። «ምንም አታድርግ» ወደሚለው ይለውጡት።

አሁን ከፍታው። የኦቢኤስ መለኪያ እስከ -20 ዴሲቤል አረንጓዴ፣ ከ-20 እስከ -9 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ነው። ንግግር ቢጫው ላይ ቢመላለስ ጥሩ ነው። በጣም ከፍ ሲል ቀዩን ቢነካ አይጎዳም፤ ዜሮ ላይ ግን መድረስ የለበትም። ዝቅ ብሎ የተቀረጸን ድምፅ ኋላ ማንሳት ይቻላል፤ ከፍ ብሎ የተቆረጠን ግን መመለስ አይቻልም፤ ሲጠራጠሩ ዝቅ ያድርጉ። የብራውዘርን ድምፅ ከ100 በመቶ በላይ እናሳድጋለን የሚሉ ተጨማሪዎች ካሉ ያስወግዷቸው። እነሱ የቆረጡት ድምፅ ኦቢኤስ ዘንድ የሚደርሰው ተቆርጦ ነው፤ መለኪያው አረንጓዴ እያሳየ ድምፁ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ለጥንቃቄ በድምፅ ምንጩ ላይ ከማጣሪያዎቹ ዝርዝር «ሊሚተር» ይጨምሩ፤ ሲመጣ -6 ዴሲቤል ላይ ተቀምጧል፣ እንዳለ ይተዉት። ድንገተኛ ሳቅና ጭብጨባ ጣሪያ እንዳይነካ ይይዛል።

ጠቅታና መቆራረጥ ከሆነ ችግርዎ ድምፁን ትተው ወደ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይመለሱ። ብራውዘር ቪዲዮውን ይፈታል፣ ኦቢኤስ ደግሞ ያንኑ ስክሪን እንደገና ይጨምቃል፤ ያረጀ ላፕቶፕ ሁለቱን አብሮ አይችልም። በኦቢኤስ የስታቲስቲክስ መስኮት ላይ የተዘለሉ ፍሬሞች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ማስረጃው ያ ነው። ቪዲዮውን ከ1080 ወደ 720 ያውርዱ፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ 30 ያድርጉት። ለትምህርት ቪዲዮ ማንም ልዩነቱን አያይም። ኮምፒውተሩ የኤንቪዲያ ወይም የኢንቴል ቪዲዮ መጭመቂያ ካለው በሶፍትዌር ከሚሠራው ይልቅ እሱን ይምረጡ። ሌሎች የብራውዘር ገጾችን ይዝጉ፤ የኃይል ቁጠባውን ያጥፉና ቻርጀሩን ይሰኩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠቅታው ካልቆመ ላተንሲሞን የተባለው ነጻ መሣሪያ ኮምፒውተሩን የሚያዘገየው የትኛው ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ሶፍትዌር) እንደሆነ ይጠቁማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ነው።

ቻርጀሩን መሰካት ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የመሬት መስመር (ኧርዝ) በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር ወደ ማይክሮፎኑ እዝዝታ ሊያስገባ ይችላል። ነቅለው ሲያዳምጡ ከጠፋ ምንጩ ታውቋል፤ ባትሪው በደንብ ተሞልቶ ያለ ቻርጀር መቅረጽ ወይም ሶኬት መቀየር ነው። ይህ የሚመለከተው ማይክሮፎንን ነው፤ ከብራውዘር በቀጥታ የተቀዳ ድምፅ ውስጥ የኤሌክትሪክ እዝዝታ አይገባም።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሳን አይቀር፣ በኦቢኤስ የሚቀርጹትን በኤምኬቪ ዓይነት ያስቀምጡ። ተራ ኤምፒ4 ፋይል መብራት ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲቆም ሳይዘጋ ስለሚቀር ላይከፈት ይችላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ይሰጣል። ኋላ «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» በሚለው፣ ጥራቱ ሳይነካ፣ በደቂቃዎች ወደ ኤምፒ4 ይለወጣል።

ከሁሉም የምመክረው ግን የብራውዘሩንና የማይክሮፎኑን ድምፅ በተለያየ ትራክ (የድምፅ መስመር) ማስቀመጥ ነው። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አውትፑት» ገብተው አሠራሩን «አድቫንስድ» ያድርጉ፤ በ«ሪከርዲንግ» ገጽ ትራክ 1፣ 2 እና 3ን ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በሚክሰሩ በኩል የላቀ የድምፅ ቅንብር የሚለውን ከፍተው ሁለቱንም ምንጮች ትራክ 1 ላይ፣ ብራውዘሩን ብቻ ትራክ 2 ላይ፣ ማይክሮፎኑን ብቻ ትራክ 3 ላይ ያኑሩ። እርስዎ ሲያስሉ የመምህሩ ድምፅ አብሮ አይበላሽም፤ የአንዱ ጉዳት የሌላው አይሆንም። እዚያው መስኮት ላይ ድምፁን ወደ ማዳመጫ የሚመልሰው ምርጫ መዘጋቱን ይመልከቱ፤ እሱም ሌላው የማሚቶ በር ነው።

ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች ችግራቸው ይለያል። ከማክ ጋር በሚመጣው ክዊክታይም ስክሪን ሲቀረጽ የኮምፒውተሩ የውስጥ ድምፅ አይገባም፤ ማይክሮፎኑ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማውን ነው የሚቀዳው፤ የክፍሉ ድምፅ ሁሉ አብሮ ይገባል። ማክ ኦኤስ 13 እና ከዚያ በላይ ያላቸው በኦቢኤስ ስክሪኑን ከነድምፁ መቅዳት ይችላሉ። የቆየ ማክ ያላቸው ብላክሆል የተባለውን ነጻ ምናባዊ የድምፅ መሣሪያ ይጭናሉ፤ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» ውስጥ ከማዳመጫቸው ጋር አጣምረው ሲያዘጋጁ የሁለቱም ሳምፕል ሬት አንድ መሆኑን ያያሉ፤ «ድሪፍት ኮሬክሽን» የሚለውንም ለሁለተኛው መሣሪያ ያበራሉ። ይህን የዘለለ ሰው ጠቅታ ይሰማል።

በስልክ የሚቀርጹ ሰዎች አንድ ምርጫ ብቻ ይመልከቱ። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ስልኩ ላይ ያለው ስክሪን መቅረጫ ድምፁን ከየት እንደሚወስድ ይጠይቃል፤ የመሣሪያውን ድምፅ ብቻ ይምረጡ። ማይክሮፎን ከተመረጠ ድምፁ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። አይፎን ላይ የመቅረጫውን ምልክት ተጭነው ሲቆዩ ማይክሮፎኑን ማብሪያና ማጥፊያ ይመጣል፤ ይጥፋ። አንዳንድ መተግበሪያዎች ድምፃቸው እንዳይቀዳ ስለሚከለክሉ ቀረጻው ጸጥ ብሎ ቢወጣ የስልኩ ብልሽት አይደለም።

ቅንብሩ ካለቀ በኋላ የግማሽ ደቂቃ ሙከራ ቀርጸው ያዳምጡ። ቪዲዮው ውስጥ በጣም ጮክ የሚለውን ቦታ ለዚህ ይምረጡ፤ መግቢያው ዝግ ያለ ሙዚቃ ከሆነ ምንም አይነግርዎትም።

የተበላሸውን መጠገን

ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ያውጡ፤ ሥራው በሙሉ በቅጂው ላይ ይሁን። የጥገናው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። ጣሪያ የመታው ድምፅ መጀመሪያ ይጠገናል፤ ምክንያቱም ጠጋኙ መሣሪያ የሚፈልገው እነዚያን የተደለደሉ አናቶች ነው። ሌላ ማጣሪያ ቀድሞ ካለፈባቸው ቅርጻቸው ይለወጥና አያገኛቸውም።

በኦዳሲቲ የተጎዳውን ክፍል ብቻ ይምረጡ፤ «ክሊፕ ፊክስ» የሚለውን ይክፈቱ። ሁለት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ከየት ጀምሮ ተቆርጧል ተብሎ እንደሚታሰብ ሲሆን 95 በመቶ ላይ ይመጣል፤ ሁለተኛው ለሚመለሰው አናት ቦታ እንዲኖር ድምፁን ምን ያህል እንደሚያወርድ ነው፤ -9 ዴሲቤል። የስክሪን ቀረጻ ድምፅ ሲቀመጥ ስለሚጨመቅ የተደለደለው አናት ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ በ95 ካልተሻለ ወደ 90 ወይም 85 ያውርዱት። ክፍሉን በዚህ መጠን ስለሚያወርደው ኋላ ከጎረቤቱ ጋር ማመጣጠን ያስፈልጋል። በጥቂቱ የተቆረጠ ድምፅ በዚህ ዘዴ በግልጽ ይሻሻላል። ከዳር እስከ ዳር የተደለደለ ከሆነ ግን ጉርብጥብጡ ይለሰልሳል እንጂ አይጠፋም።

ሳምፕል ሬቱ ለተዛነፈ ድምፅ ምርመራው በሰዓት ነው። 48000 ሆኖ መጫወት የነበረበት በ44100 ከተጫወተ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይረዝማል፤ በተቃራኒው ከሆነ ወደ 55 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ያጥራል። የድምፁና የምስሉ ርዝመት እንዲህ ከተለያየ ሌላ ነገር አይፈልጉ። በትራኩ ስም ላይ ያለውን ዝርዝር ከፍተው «ሬት» በሚለው ትክክለኛውን ቁጥር ይስጡት፤ ድምፁ ያኔውኑ ወደ ሰውየው ድምፅ ይመለሳል። «ሪሳምፕል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍጥነቱን ጠብቆ ቁጥሩን ብቻ ስለሚቀይር ለዚህ አይረዳም።

ጠቅታዎች ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ ይጠገኑ። ጠቅታውን አጉልተው ከመረጡ በኋላ «ሪፔር» ይጫኑ፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 128 ሳምፕል ነው፤ በ48000 ይህ ከ3 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ብዙ ከሆኑ «ክሊክ ሪሙቫል» አለ። አማርኛ ላይ ግን ተጠንቅቀው ይጠቀሙበት። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ ሲነገሩ ድምፁ ድንገት ይፈነዳል፤ መሣሪያው ይህን ፍንዳታ ጠቅታ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ከተሠራ በኋላ «ጠጣ»ና «ቀጠሮ» የመሳሰሉ ቃላት ያሉበትን ቦታ ያዳምጡ፤ ከደነዘዙ ቁጥሩ ሲቀንስ መሣሪያው ይበልጥ እንደሚቆርጥ አውቀው ገደቡን ከፍ ያድርጉ።

ግማሽ ሰከንድ ያህል የጠፋ ድምፅ አይጠገንም። ቃሉ ከዐውዱ ከታወቀ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ካልታወቀም ቦታውን ከነምስሉ ቆርጦ ማውጣት ከሁሉ ይሻላል። የጠፋ ድምፅ እንሞላለን የሚሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አሉ። ለመዝናኛ ቪዲዮ ይጠቀሙባቸው፤ ለምስክርነት፣ ለቃለ መጠይቅና ለሕክምና ምክር ግን አልጠቀምባቸውም። የሚሞሉት በግምት ስለሆነ ሰውየው ያላለውን ቃል በራሱ ድምፅ ሊያናግሩት ይችላሉ።

የማይክሮፎን እዝዝታ ካለ አንድን ጠባብ የድምፅ ክልል ብቻ የሚቆርጠውን «ኖች ፊልተር» ይጠቀሙ። ኢትዮጵያና አውሮፓ የተቀረጸ ከሆነ 50 ኸርዝ፣ አሜሪካ የተቀረጸ ከሆነ 60 ኸርዝ ይስጡት፤ በጥሪ ላይ የሚታየው እዝዝታ ከየትኛው አገር ሰው ማይክሮፎን እንደመጣ በዚህ ይታወቃል። ከዚያ በእጥፉ፣ በ100 ወይም በ120 ይድገሙት። «ኪው» የሚለውን ቁጥር 10 አካባቢ አድርገው ጠባብ ያድርጉት፤ የወንድ ድምፅ መሠረቱ እዚሁ አካባቢ ስለሆነ ሰፊ ቆረጣ ድምፁን ያቀጥነዋል።

«ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚመጣው አሁን ነው፤ ያውም የማራገቢያ ሽውታ በእርግጥ ካለ። ማንም የማይናገርበትን አንድ ሁለት ሰከንድ መርጠው ናሙና ያስይዙት፤ ቅነሳውን ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ብቻ ያድርጉት። ሽውታው ጨርሶ እስኪጠፋ የሚገፋ ሰው ተናጋሪውን ውኃ ውስጥ ይከተዋል። ጥቂት ሽውታ ጆሮ ይለምደዋል፤ የሚንቦጫረቅ ንግግርን ግን አይለምደውም።

በመጨረሻ «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» ከፍተው ለንግግር -16 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማውን አማካይ የድምፅ ከፍታ የሚለካ አሃድ) ይስጡት፤ ከዚያ ከፍተኛው ጫፍ ከ-1 ዴሲቤል እንዳያልፍ በሊሚተር ይያዙት። በጥገናው ጊዜ ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው።

ወደ ቪዲዮው መመለስ

ድምፁን ሳይጨመቅ፣ በዌቭ ዓይነት፣ በ48000 ኸርዝ ያውጡ። ሾትከት በተባለው ነጻ የቪዲዮ ማስተካከያ ወይም በለመዱት ሌላ ፕሮግራም ቪዲዮውን ከፍተው የድሮውን ድምፅ ጸጥ ያድርጉና አዲሱን ከሥሩ ያስቀምጡ። የድሮውን አያጥፉት፤ የሁለቱን ሞገድ አንድ ላይ እያዩ ጭብጨባ ወይም የበር መዘጋት ያለበት ቦታ ላይ ያገጥሟቸው። በመጨረሻ ሲወጣ ድምፁ ኤኤሲ፣ 192 ኪሎቢት ይበቃዋል።

መጀመሪያው ላይ ገጥሞ መጨረሻው ላይ ከንፈርና ድምፅ ከተለያየ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። ቪዲዮው በስልክ ተቀርጾ ከሆነ የፍሬሙ ፍጥነት ተለዋዋጭ ነው፤ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ቋሚ ፍሬም ወዳለው ፋይል ለውጠው ከዚያ በኋላ ያስተካክሉት። በኮምፒውተርና በዩኤስቢ ማይክሮፎን ከተቀረጸ ደግሞ የሁለቱ መሣሪያዎች ውስጣዊ ሰዓት በጥቂቱ ይለያያል፤ በረጅም ቀረጻ ላይ ልዩነቱ ይጠራቀማል። የማይክሮፎኑን ትራክ በየሃያ ደቂቃው በዝምታ ቦታ ላይ ቆርጠው ጥቂት ማንቀሳቀስ ሙሉውን ከመሳብ ይልቅ ንጹሕ ውጤት ይሰጣል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ግን ትራኩን ባንዴ መግፋት ይበቃል፤ ለሚቀጥለው ቀረጻም ያንኑ የሚሊሰከንድ ቁጥር በኦቢኤስ የላቀ የድምፅ ቅንብር ውስጥ «ሲንክ ኦፍሴት» ላይ ያስገቡት።

ፋይሉን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት መጀመሪያውን፣ መሐሉንና የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በማዳመጫም በስልክ ድምፅ ማጉያም ያዳምጡ። በቴሌግራም የሚልኩት ከሆነ በቪዲዮነት ሲላክ እንደገና ሊጨመቅ ስለሚችል እንደ ፋይል አድርገው ይላኩት። ዋናውን ያልተነካ ቀረጻ ደግሞ ተቀባዩ ሙሉውን አዳምጦ እስኪመልስልዎት ድረስ አይሰርዙት።